ድንኳኑ ገባ፣ ልጆቹ ወጡ

ለተከበሩ አባታችን ለአቶ ዳኜ
የመንደራችን ዕድር ሰብሳቢ
ቡራዩ

ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ በየስብሰባው የሚጮኹበት ድምፅ ማጉያዎ ሁሉ ደህና ነው? ስለ እኛ አይጨነቁ፤ እኛ እስከ ቅዳሜ ደህና ነን።

አማኑ ነኝ፤ ከዘጠነኛ ክፍል ትምህርቱን ጥሎ አስኮ መስመር ላይ የታክሲ ረዳት የሆነው፣ እርስዎ «ያ ባለጌ» የሚሉት። ተናድጄ ስለምጽፍ አፌ ቢያመልጠኝ እንደ አባት ይለፉኝ። ደብዳቤውን ዕድር ቤቱ በር ላይ የለጠፍኩት በእጅዎ ብሰጥዎ ኪስዎ ውስጥ ስለሚያረጅ ነው።

አስቀድሜ ላመስግንዎት። ዕድሩ አዲስ ድንኳን ገዛ፤ እግዜር ይስጥልን። ክረምቱ ሲገባ ሸራው እንዳይበሰብስ ሰጉ፤ ደግ አደረጉ። ከዚያ እርስዎ፣ ጎረቤታችን ኦቦ ከሊፋ የሰፈሩን ልጆች ሰብስበው ቴሌቪዥን የሚያሳዩበትን የዕድሩን ክፍል አስለቅቀው ድንኳኑን አስገቡበት። ሸራው ደረቅ ቦታ ተኛ፤ ልጆቹ ዝናብ ላይ ወጡ። ለለቅሶ እንዲህ ቀድሞ የሚዘጋጅ መሪ እንኳን ሰጠን።

ቅሬታዬን በአክብሮት ልዘርዝር።

1. ያንን ክፍል አንድ ቀንም ገብተው ስላላዩት ምን እንደነበር አያውቁም። እኔ እዚያ ነው ያደግኩት። ሆዱ የተነፋ ቴሌቪዥን ነበር፤ ሲሞቅ የሰው ፊት ሁሉ አረንጓዴ ይሆንበታል፣ ጎኑን በጥፊ ሲሉት ቀልቡ ይመለሳል። ጣሪያው ላይ ዲሽ አለ፤ ከዲሹ የሚወርደው ካርቱን በሙሉ ዓረብኛ ነው። ከአንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ የወጡ አሮጌ ኮምፒውተሮችም ነበሩ። ሲበሩ እንደ ወፍጮ ያጓራሉ፤ እኛ ደግሞ የካርቱኑ የጠፈር መንኮራኩር ልትነሳ ነው ብለን አግዳሚውን ጨብጠን እንቀመጣለን። ዛሬም ታክሲያችን ዳገት ላይ ሲያጓራ እጄ የሚጨበጥ ነገር ይፈልጋል። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለእርስዎ ስል ተዋረድኩ።

2. ኦቦ ከሊፋ ዓረብኛ አይሰሙም። ቁርአን ቀርተዋል፣ ፊደሉን ያነባሉ፤ ካርቱኑ የሚያወራውን ግን እንደኛው ነው የማያውቁት። እኛ ግን ሙስሊም ናቸውና ያውቃሉ ብለን ተርጉሙልን እያልን አስጨነቅናቸው፤ እሳቸውም ልጅ አሳፍረው አያውቁምና ከራሳቸው እየፈጠሩ ይነግሩን ነበር። የመንኮራኩሯ ካፒቴን ጣቱን ቀስሮ ሲጮህ «ኢጆሌ፣ ልጆች፣ ጫማችሁን በር ላይ አውልቁ ነው የሚላችሁ!» ይላሉ። ጭራቁ ሲያገሳ «እናቱን የሰደበው የትኛው ነው? እያለ ነው» ይላሉ። ክረምት ሲመጣ ደግሞ ካፒቴኑ ሌላ ወሬ አልነበረውም፤ በየቀኑ «ገፈርሳ ግድብ የወረደ ልጅ መርከቤ ላይ አይሳፈርም» ይል ነበር። እናቶቻችንን አንሰማም፤ ካፒቴኑን ግን ሰማን። ማታለል ይበሉት። እውነቱን ያወቅኩት ጢም ማብቀል ስጀምር ነው፤ እስከዚያ ድረስ እግሬን ውሃው ውስጥ አልነከርኩም።

3. እርስዎ ክፍሉን ሲያጸዱ ኮምፒውተሮቹን ደጅ ወረወሩ። ልጆቹ አላለቀሱም፤ መርከብ ሠሩባቸው። ቢጫ ጀሪካኖች በገመድ አስረው፣ ጣውላ ደርበው፣ የሞኒተሩን ባዶ ቀፎ ከፊት እንደ መስኮት ተክለውበታል። ኪቦርዱ መሪ ሆኗል። ታሪኩን ከቆመበት ሊቀጥሉት ነው፤ ግድብ አትውረዱ የሚለው ካፒቴን እንደሆነ ቦታውን ሸራ ወስዶበታል። ቅዳሜ ግድቡ ላይ ሊያንሳፍፉት ተማምለዋል። ውሃው ሞልቷል፤ ከዳሩ ትንሽ ገባ ሲሉ ታቹ አይታይም። ከተሳፋሪዎቹ አንዷ እህቴ ማርቲ ናት። ዋና አትችልም። አንዳቸውም አይችሉም።

«አፍርሰዋ!» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። አፈረስኩት፤ ገመዱን በጥርሴ ነው የበጠስኩት። በማግስቱ ባሕር ዛፉ ውስጥ ከፊተኛው የሚሻል ሠርተው አገኘሁ፤ እሱን ሳፈርስ ደግሞ ሌላውን የት እንደሚደብቁ ተማሩ። ለእናቶች ተናገርኩ። ልጆቹ ተገረፉ፤ ከዚያ ወዲህ እኔ ስመጣ ወሬያቸውን ያቆማሉ። ወላጅ ሁሉ በጠዋት አዲስ አበባ ሥራ ይወርዳል። እኔ ቅዳሜ ከሥራ ቀርቼ ዳር ላይ እቆማለሁ፤ ግን ዳሩ ረጅም ነው፣ እኔ ደግሞ አንድ ነኝ።

4. እቤትዎ መጥቼ ክፍሉ ይከፈት ብዬ ስለምንዎ፣ ሰው ፊት «የዚያ የፊልም ቤት ውጤት አንተ አይደለህ?» አሉኝ። ልክ ብለዋል፣ ጌታዬ። ውጤቱ እኔ ነኝ። አልሰመጥኩም።

የምጠይቅዎ ከባድ አይደለም። ኦቦ ከሊፋ ክፍሉን ከለቀቁ ወዲህ ጫንጮ እህታቸው ጋ ናቸው፤ ደውዬላቸው «ክፍሉ ይመለስ እንጂ ዛሬውኑ እመጣለሁ፤ ካፒቴኑ ምን እንደሚል እኔ አውቃለሁ» ብለዋል። ድንኳኑን እርስዎ ሳሎን ያስቀምጡት፤ ሰፊ ነው፣ አይቼዋለሁ። ይህ ካልሆነ ደግሞ የዕድሩን ወንዶች ቅዳሜ ግድቡ ዳር ያቁሙልኝ። የሞት ጡሩምባ ሲነፋ ጫማቸውን ሳያስሩ የሚሮጡ፣ የቀረውን የሚቀጡ፣ ጎበዝ ሰዎች ናቸው። ለአንድ ቀን ጡሩምባው ሳይነፋ ይውጡ። ዛሬ ሐሙስ ነው።

ዕድሜዎን ያርዝምልን፣ ወንበርዎን ያጽናልን፣ ያንን የመሰለ ድንኳን አንድም ቀን ሳይዘረጋ ተጣጥፎ እንዲያረጅ ከልቤ እየተመኘሁ፣ እጅ ነስቼ እሰናበታለሁ።

ታዛዥና ባለጌ ልጅዎ
አማኑ፣ የማርቲ ወንድም

ማስታወሻ፦ ልረሳው ነበር። ልጆቹ ካፒቴን ለመምረጥ ዕጣ ጥለዋል። ማርቲ ለእሷ ስላልወጣላት ተናዳ አመለጣትና ሰማሁ። የወጣለት ቅዳሜ ቅዳሜ ከአስኮ እርስዎን ሊጠይቅ የሚመጣው የልጅ ልጅዎ መልከጼዴቅ ነው። ኮፍያውን ከካርቶን ሠርተውለታል፤ ልኩ ነው።