ሰዓት ሠሪውና ትልቁ ቴሌቪዥን

የካቲት 4

አንገቴ! ወደ ግራ መዞር የለም፣ ወደ ቀኝ መዞር የለም። ሰው ሲጠራኝ እንደ ቁም ሳጥን ሙሉ በሙሉ ነው የምዞረው። "ኧረ ምን ሆነሽ ነው?" አለኝ ባለቤቴ ጠዋት። ምን ልሁን… አንተ ያመጣኸው ጉድ ነዋ።

የላፕቶፔ ስክሪን ግማሹ ከጠቆረ ወዲህ የሰው ሠርግ ቪዲዮ የማቀናብረው በቴሌቪዥኑ ነው። ቴሌቪዥን ስል… ግድግዳ ነው እንጂ። ሃምሳ አምስት ኢንች። ርካሽ ነበር፤ ለምን እንደረከሰ ግን አልጠየቅንም። የፋብሪካውን ስም ሰምቶ የሚያውቅ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። የውስጥ ምርጫዎቹ በማናውቀው ቋንቋ የተጻፉ ናቸው፤ እኛም አንነካቸውም፣ እነሱም አይነኩንም። ስምምነታችን ግልጽ ነው። ቀን የእኔ የሥራ ስክሪን፣ ባለቤቴ ፀጉር ቤቱን ዘግቶ ሲመጣ ደግሞ የኳስ ጌም። ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሰው ፀጉር ሲያስተካክል የሚውል ሰው ነው፤ ተቀምጦ ሁለት ጎል ካላገባ እንቅልፍ አይወስደውም።

ችግሩ ቤታችን ጠባብ መሆኑ ነው። ጠረጴዛዬ ከግድግዳው ያለው ርቀት አንድ ክንድ ቢሆን ነው። የማውሷን ቀስት ፍለጋ ከዚህ ጥግ እስከዚያ ጥግ ስንከራተት እውላለሁ። ትናንት ጠፋች ብዬ ተስፋ ስቆርጥ… ለካ ጣሪያው ሥር ቆማለች። ፊደሎቹም ጠርዛቸው ላይ ቀይና ሰማያዊ ያወጣሉ። የሙሽራ አፍንጫ የእኔን ጭንቅላት ያህላል። ብጉሯን መደበቅ የምትፈልግ ሙሽራ እኔ ጋ ከመጣች አበቃላት።

ያም ሆኖ ወድጄዋለሁ። ለእሱ ግን አልነግረውም።

የካቲት 6

ባለቤቴን በጌም ስድስት ለዜሮ አሸነፍኩት።

"ቁልፉን ተጫንኩ እኮ! በዓይንሽ አይተሻል፣ ተጫንኩ!"

"ታዲያ ለምን አልገባም?"

"ቴሌቪዥኑ ይዘገያላ! እኔ ስጫን እሱ ያስባል፣ ያስባል… ከዚያ ነው ሰውየው ኳሷን የሚመታው። ጓደኛዬ ቤት እንዲህ አይደለም።"

"አዎ፣ እዚያ ቴሌቪዥኑም ያዝንልሃል።"

መጫወቻውን ሶፋው ላይ ወርውሮ ውሃ ሊጠጣ ሄደ። ማእድ ቤት ሆኖ እንኳ "ይዘገያል!" ይላል። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እኔስ የምጫወተው በዚያው ቴሌቪዥን አይደለም እንዴ? ለእኔ ሲሆን ለምን አይዘገይም? ጌም ያስተማረኝ ራሱ ነው። አሁን ተማሪዋ ስትበልጠው እቃ ያማርራል።

"ኋላ ቀር" ብዬ ስም አወጣሁለት። ኮስተር አለ። አበዛሁት ይሆን? አይ… ይበለው።

የካቲት 7

ቴሌቪዥኑ ሥራ መሀል ላይ ራሱን አጠፋ። ሪሞት የሚነካ ሰው ካጣ ቤቱ ባዶ ይመስለዋል መሰለኝ። እኔ ፊቱ ተቀምጬ! ባለቤቴ እንኳ እንደዚህ ረስቶኝ አያውቅም።

የካቲት 9

ትልቁን ሠርግ ዛሬ ጀመርኩ። ስቱዲዮው እስከ ዛሬ ከሰጠኝ ሁሉ ትልቁ ነው፤ ይህን ከወደዱልኝ ቋሚ ያደርጉኛል። ሙሽራዋ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ የእህት ልጅ ናት።

ካሜራማኑ ድምፁን ለብቻው ነው የቀዳው። ድምፅና ምስል ማጋጠም እንግዲህ የእኔ ፈንታ ነው። አጋጠምኩ… አልገጠመም! ሙሽራዋ መጀመሪያ ትናገራለች፣ አፏ የሚከፈተው ከኋላ ነው። ካሜራማኑን ረገምኩት። ድምፁን ትንሽ ዘግየት አደረግኩት… አሁንም ትንሽ… ልክ! "እሺ" ስትል ከንፈሯና ድምፁ ግጥም አሉ። ድምፁን የምሰማው ላፕቶፑ ላይ በሰካሁት ድምፅ ማጉያ ነው። የቴሌቪዥኑማ ማሰሮ ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ሰው ይመስላል።

ከዚያ ጭፈራው። እትዬ ልብስ ሰፊዋ… እንዴት ያለ እግር ነው! ስልሳ ዓመታቸውን የት አስቀምጠውት እንደመጡ እንጃ። ሰው ክብ ሠርቶ ያጨበጭብላቸዋል። አጠገባቸው ባለቤታቸው፣ ሰዓት ሠሪው። እሳቸው ደግሞ ሁሉም ሲወርድ ይነሣሉ፣ ሁሉም ሲነሣ ይወርዳሉ። ሁልጊዜ ከሙዚቃው ትንሽ ዘግየት። "የሰው ሰዓት ስታስተካክል የራስህን ረሳህ!" ይሏቸዋል እትዬ፣ ቪዲዮው ላይ በደንብ ይሰማል። ከተጋቡ ጀምሮ እንዲህ እንደሳቁባቸው ነው አሉ። ሰውየው ፈገግ ብለው መዝለላቸውን ይቀጥላሉ። እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ።

የካቲት 10

አስረከብኩ። አንገቴም ተሻለው።

የካቲት 13

አማቴ በቪዲዮ ደወሉ። ቴሌቪዥኑ ላይ አወጣኋቸው። ሃምሳ አምስት ኢንች አማት! ባለቤቴ ሶፋው ላይ ተስተካክሎ ተቀመጠ፣ ልጅ ሆኖ የተቆጡት ይመስል።

"ቤቱን አሳዪኝ እስቲ… ያ ጥግ ላይ ያለው አቧራ ነው?" አሉኝ። እኔ ደግሞ ከኋላቸው፣ ከመጋረጃው በላይ፣ አንሶላ የሚያህል የሸረሪት ድር ይታየኛል። አልነገርኳቸውም። ግን ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለኝ ዋለ።

የካቲት 16

ከፀጉር ቤት ወሬ መጣ። ሰዓት ሠሪው ሄደው ነበር። ሊቆረጡ እንዳይባል ራሳቸው ላይ የሚቆረጥ ነገር የለም። ስልካቸውን ይዘው "እዩት፣ እዩት እግሬን!" እያሉ ተራ ለሚጠብቀው ሁሉ ቪዲዮውን ሲያሳዩ ዋሉ አለኝ ባለቤቴ።

"አንተስ አየኸው?"

"የሰው አንገት ላይ ምላጭ ይዤ ምኑን ልየው?"

ደስ አለኝ። የሠራሁት ነገር ሰው እንዲህ ሲያስፈነድቅ… ግን እግራቸውን? ምን ታይቷቸው ይሆን? እኔ ስንቴ ያየሁት እግር እኮ ነው!

የካቲት 19

ቀሚሴን ላሳጥር እትዬ ጋ ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር ምስጋና ፍለጋ ነው የሄድኩት።

"እትዬ፣ ቪዲዮው እንዴት ነበር?"

በጥርሳቸው የያዙትን መርፌ አወጡ። "ጥሩ ነው ልጄ። ሙሽራዋ አምሮባታል።"

"ጭፈራውስ?"

ጨርቁን አገላበጡት። "አየሁት… ምቱን ስቻለሁ።"

"እርስዎ?"

"እግሬ ወርዶ ሙዚቃው ከኋላ ይመጣል። ሕፃን ያየዋል። ጆሮዬ ሳይከዳኝ አልቀረም። እሱ ደግሞ፣ ያ ሰው፣ ልክክ ብሎለታል! ስንት ዓመት ስስቅበት የኖርኩት ሰውዬ…"

ሊስቁ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። እሑድ የጎረቤት ሠርግ ነበር፤ ከወንበራቸው ሳይነሡ ዋሉ። ሲጎትቷቸው ጉልበቴን አሞኛል ብለው ነው ያመለጡት።

"አሞዎት ነው እንዴ?"

"ኧረ ጉልበቴስ ደህና ነው" አሉና መርፌውን ወደ አፋቸው መለሱት።

ቤት እንደገባሁ ቪዲዮውን ከፈትኩት። እትዬ ምቱ ላይ ናቸው! ንቅንቅ የለም። ሰዓት ሠሪው እንደ ልማዳቸው ኋላ። ታዲያ እትዬ ምን አይተው ነው? ዓይናቸው ነው? ወይስ እውነትም እርጅና ሲመጣ እንዲህ ያደርጋል? ከእሳቸው የበለጠ የሚጨፍር ሰው አይቼ አላውቅም እኮ።

የካቲት 20

ባለቤቴ ዛሬ ቀደም ብሎ ዘግቶ መጣ። ጌም አልከፈተም። ፀጉር ቤቱ ጭር ሲል ሰዓት ሠሪው ተመልሰው መጥተው፣ በመጨረሻ ቪዲዮውን አይቶታል።

"አንድ ነገር ላሳይሽ ነው። እንዳትቆጪ።"

ላፕቶፑ ላይ፣ ባልጠቆረው ግማሽ፣ የሰከንድ ሽርፍራፊ የሚቆጥር ሰዓት ከፈተ። ያንኑ ሰዓት ቴሌቪዥኑም ላይ አወጣው። ሁለቱን ጎን ለጎን በስልኩ ፎቶ አነሣ። አየሁት። አንድ ሰዓት ነው፤ ግን የቴሌቪዥኑ ቁጥር ከላፕቶፑ ኋላ ቀርቷል። የዓይን ጥቅሻ ያህል። እንደገና አነሣ። ያው ነው።

ቁጭ አልኩ። ገባኝ… ሙሽራዋም አልቀደመችም፣ ካሜራማኑም አላጠፋም። ድምፁ ከላፕቶፑ ቀጥታ ይወጣል፤ ምስሉ ግን ቴሌቪዥኑ ውስጥ ቆይቶ ነው የሚመጣው። እኔ ደግሞ ለዘገየ ምስል ብዬ ድምፁን አዘገየሁት። ሰው ቤት ምስሉ በሰዓቱ ሲደርስ ሙዚቃው ከኋላ እየተጎተተ ይመጣል። እትዬ ምንም አልሳቱም። ሰዓት ሠሪው ዘግይተው ነበር፤ እኔ ሙዚቃውን አዘግይቼ እግራቸው ሥር አደረስኩላቸው። የእሳቸውን እግር ሳቃና የሚስታቸውን ሰበርኩ!

ባለቤቴን አየሁት። አሁን ይላል ብዬ ጠበቅኩ። "አላልኩሽም?" ቢለኝ መብቱ ነው። ይዘገያል ባለኝ ቁጥር "ኋላ ቀር" ስለው የከረምኩ እኔ ነኝ።

"ሻይ ላፍላ?" አለ።

አልቻልኩም፣ አለቀስኩ። እሱ ለቪዲዮው መስሎት "ይስተካከላል፣ በአንድ ቀን ይስተካከላል" እያለ ጀርባዬን ያሻል። ለቪዲዮውስ መች አለቀስኩ… ምን ዓይነት ሰው ነው ያገባሁት?

የካቲት 21

ስቱዲዮ ደወልኩና ጥፋቴን ተናገርኩ። አለቃው ቤቱን በጩኸት ሞላው። ሲደክመው "ሌላ ሰው ሳይነግረኝ ራስሽ ነገርሽኝ፤ አስተካክለሽ አምጪ" አለኝ። ቋሚ ስለመሆኔ እሱም አላነሣ፣ እኔም አልጠየቅኩ።

ቴሌቪዥኑንም ደፍረን ነካነው። በማናውቀው ቋንቋ መሀል ባለቤቴ አንዲት የጌም መጫወቻ ሥዕል አገኘ። ተጫናት… የማውሷ ቀስት ሳትዘገይ እጄን ተከትላ ሮጠች! ለካ መድኃኒቱ እዚያው ሆዱ ውስጥ ነበር። ፊደሎቹ አሁንም ቀይና ሰማያዊ ናቸው፤ ይሁኑ። ሠርጉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንደገና አጋጠምኩ።

ማታ ጌም። አራት ለዜሮ ተሸነፍኩ! ሁሉንም ቀድሜ እጫናለሁ። ኳሷ ሳትመጣ እመታለሁ፣ በረኛዬ ባዶ ሜዳ ላይ ይወድቃል። እስከ ዛሬ ስማር የከረምኩት ኳስ ሳይሆን የዚህን ቴሌቪዥን አመል ኖሯል። ለቪዲዮው ምንም ያላለው ሰውዬ ለአራት ጎል ሰፈሩን አስነሣ። ሶፋ ላይ ወጥቶ!

የካቲት 23

የተስተካከለውን በፍላሽ ይዤ እትዬ ቤት ሄድኩ። ባለቤታቸው ሱቅ ነበሩ። አንድ በአንድ ነገርኳቸው። "እትዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ጆሮዎ ምንም አልሆነም።" እንዳላመኑኝ ከፊታቸው አስታወቀ።

ከፈትኩት። ተነሥተው ቴሌቪዥኑ ፊት ቆሙ። ስክሪኑ ላይ እግራቸው ሲወርድና ሙዚቃው ሲመታ አንድ ነው። መልሺው አሉኝ። መለስኩት። አሁንም መልሺው። ከዚያ በመዳፋቸው አፋቸውን ያዙ።

"እኔ ነኝ" አሉ። "እኔው ነኝ!"

አቅፈው ሲስሙኝ ትንፋሽ አጠረኝ። ደስ አለኝ፣ በጣም ደስ አለኝ። ወዲያው ዓይናቸው ቪዲዮው ውስጥ ባሉት ባላቸው ላይ ዐረፈ፤ ሁሉም ሲወርድ ብቻቸውን ወደ ላይ የሚነሡት ላይ። እትዬ በሳቅ ሶፋው ላይ ወደቁ። "ይምጣ! ይምጣ ብቻ! ይኸው ስንት ቀኑ፣ እንዴት እንደሚረገጥ ላስተምርሽ እያለኝ እኮ ነው! ዛሬ አለቀለት!"

በሩ ተከፈተ። ሰዓት ሠሪው ናቸው፣ ከኋላቸው ሁለት የሱቅ ጎረቤቶች። "ግቡ፣ ግቡ፤ ያልኳችሁን አሁን ታያላችሁ።" እኔን ሲያዩ ፊታቸው በራ። "ይቺ ናት! ያቀናበረችው ይቺ ናት!" እጄን ጨብጠው አልለቅ አሉ። "ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ሲሳቅብኝ ኖርኩ። እግሬን ያየችልኝ አንቺ ነሽ።"

ወለሉን አየሁ።

"ክፈቺው እንጂ" አሉ ሚስታቸውን።

ሪሞቱ እትዬ እጅ ነው። እኔን አዩኝ። እንግዶቹን አዩ። ባላቸውን አዩ፤ ሰውየው ኮታቸውን አውልቀው እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ ነው። እትዬ ወደ ቴሌቪዥኑ ሄዱ፣ የእኔን ፍላሽ ነቅለው ኪሳቸው ከተቱ፣ የድሮውን ፍላሽ ከመሳቢያ አውጥተው ሰኩ።

ተጀመረ። ስክሪኑ ላይ እትዬ ከምት ወጥተው ሲረግጡ እንግዶቹ ተያዩ። ሰዓት ሠሪው "እሷን ተዉአት፣ እኔን እዩ!" አሉ።

"እውነቱን ነው፣ እሱን እዩ" አሉ እትዬ። ወደ እኔ ዞረው በዓይናቸው ዝም አስባሉኝ።

ሰዓት ሠሪው እጃቸውን ዘረጉላቸው። "ነይ። አትቸኩዪ ብቻ፤ እኔን እያየሽ።"

እትዬ ለጭፈራ ተነሡ። ከዚያ ቪዲዮ ወዲህ የመጀመሪያቸው ነው። ሙዚቃው ሲመታ እግራቸው አብሮ ሊወርድ ነበር፤ አጠገባቸው ስለነበርኩ አየሁት። ያዙት። አየር ላይ ያዙት። ባላቸው እስኪደርሱ ጠበቁና አብረው ረገጡ።