ባለቤቴ በየት በኩል ይውጣ?

ለክቡር ሚስተር አላርዳይስ፣
የሄዘርፊልድ ከተማ የታሪካዊ ቤቶች ጥበቃ ኮሚቴ ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ ጉልበትዎ የጸና፣ ደረጃ መውጣትና መውረድም የማይከብድዎ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ባለቤቴ ክሊፍም በሳሎናችን መስኮት በኩል ሰላምታውን ያቀርባል፤ በሌላ በኩል ማቅረብ አልቻለምና።

ባለፈው ዓመት ስትሮክ መትቶት በተሽከርካሪ ወንበር መንቀሳቀስ ከጀመረ ወዲህ፣ የፊት በራችን በጥቂቱ እንዲሰፋና በሁለቱ የድንጋይ ደረጃዎች ላይ የእንጨት መወጣጫ እንዲደረግ ለኮሚቴዎ አመልክተን ነበር። እጅግ በተዋበ ቋንቋ እምቢ ስላላችሁን፣ ምስጋናዬን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በሩ ቤቱ በ1907 ሲሠራ የተገጠመ፣ ባለቀለም መስታወቱም እስከ ዛሬ ያልተነካ መሆኑን ስላስረዱን እናመሰግናለን። ክሊፍ እዚሁ ቤት ተወልዶ ዕድሜውን ሙሉ በዚያ በር የወጣና የገባ ሰው ስለሆነ በሩን ጠንቅቆ ያውቀዋል። ደብዳቤዎን ሳነብለት፣ «ቆይ፣ ቅርሱ በሩ ብቻ ነው እንዴ? እኔም እኮ አርጅቻለሁ» አለኝ።

ሁለተኛ፣ በጓሮ በር እንድንጠቀም ስለመከሩን እናመሰግናለን። ወደዚያ የሚወስደው መተላለፊያ ከሰል ተሸካሚ ብቻ እንዲያልፍበት የተሠራ በመሆኑ ወንበሩ መታጠፊያው ላይ ተሰነቀረ። ጎረቤታችን ባሪ መጥቶ እስኪያላቅቀን ድረስ እኔ በንዴት፣ ክሊፍ በኀፍረት አለቀስን።

ሦስተኛ፣ ሰፈሩ የተቆረቆረው የከተማው ጭስ ያፈናቸው ሰዎች ንጹሕ አየር እንዲያገኙ መሆኑን የሚገልጸውን ሰሌዳ ከበራችን አጠገብ ስለቸነከሩልን እናመሰግናለን። በየእሑዱ ጎብኚዎች እየመጡ ያነቡታል። አንዲት ሴት ክሊፍን በመስኮቱ አይታ፣ «ውይ፣ እሳቸውም የጉብኝቱ አካል ናቸው?» ብላ ጠየቀች። «አዎ እመቤቴ፣ ከመጋረጃው ጋር ነው የተመዘገብኩት» አላት። እሷ ሳቀች፤ እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም።

ከሁሉ የሚበልጠው ምስጋናዬ ግን ቤታችን መጥተው ሻይ እየጠጡ ስላጫወቱን ታሪክ ነው። የቤቱ የመጀመሪያ ጌታ ሚስተር ኦግደን እጅግ ወፍራም ስለነበሩ፣ ሲሞቱ የሬሳ ሣጥናቸው በበሩ አላልፍ ብሎ በሳሎኑ መስኮት መውጣቱን ነገሩን። ቀጥለውም ክሊፍ እየሰማ፣ «ለቀብር ከሆነማ መስኮቱን ከነፍሬሙ ማንሳት ይቻላል፤ የቆየ ልማድ ስለሆነ ፈቃድም አያስፈልገውም» አሉንና ስኳር ጨመሩ። ክሊፍ ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ በሩ አንድ ቃል አንስቶ አያውቅም። መስኮቱን ብቻ ነው የሚያየው። ክቡርነትዎ፣ ይህ ያስፈራኛል።

የመስታወቱ ቀለምና የኮሚቴዎ ሕሊና እንደ ተቀመጡ ሳይነኩ እንዲኖሩ እየተመኘሁ፣ ከማይሰፋው በር ወዲህ ሆኜ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

ዶሪን ሆልሮይድ
ላበርነም ጎዳና፣ ሄዘርፊልድ

ተጨማሪ፦ የፊታችን ቅዳሜ ባሪና ወንድሞቹ ጥቁር ልብስ ለብሰው ይመጣሉ። መስኮቱን በደንቡ መሠረት አንስተው ክሊፍን በቃሬዛ ያወጡታል፤ እሱም አጥሩ ጋ እስኪደርስ ዐይኑን ጨፍኖ እንደሚቆይ ቃል ገብቷል። ከዚያ ራሱ የተከላቸው ጽጌረዳዎች አጠገብ እናስቀምጠዋለን። በዚያ በኩል ካለፉ ባርኔጣዎን ማውለቅ እንዳይረሱ። የቸገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ደንባችሁ በመስኮት የወጣ ሰው በየት በኩል እንደሚመለስ አይናገርም፤ ሲመሽ ይበርደዋልና መልስዎን ከቅዳሜ በፊት እጠብቃለሁ።