አጎትህ ቤቴ ምሳ በላ

ይድረስ ለባለቤቴ የበኩር ልጅ፤ ሳንጃ።

ጤናህ እንዴት ነው? ሚስትህስ፣ ልጆቹስ? ዘንድሮስ ሰሊጥ ትዘራለህ? እኔ መድኃኔ ዓለም ይመስገን ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ የማራኪን ዳገት ሲያይ ያኮርፋል። ስልኬን እንደማታነሳው ስለማውቅ ነው የጻፍኩት። ደግሞ ሳታነበው እንዳትቀደው! ለራሴ ብዬ አይደለም።

አጎትህ አያ አድማሴ ሊታከም መጥቶ እኔ ዘንድ ከርሟል። ጎንደር ሌላ ዘመድ አጥቶ እንጂ ወዶ አይደለም። ቤቴ ያድራል፣ ይመርቀኛል፤ የሚበላው ግን ምግብ ቤት ነው። ባቀርብለት «ጾም ይዣለሁ» ይለኛል። በፋሲካ ማግስት የምን ጾም?

ሆዱን በአልትራሳውንድ ሲያዩት፣ ከልብ ወደ ታች የሚወርደው ትልቁ የደም ሥር አብጦ ተገኘ። ሐኪሟ እብጠቱ ገና ትንሽ ስለሆነ ኦፕራሲዮን አያስፈልግም፤ ሲጋራ ይተዉ፣ የግፊት ኪኒንዎን ይዋጡ፣ በየዓመቱ እየመጡ እንለካዋለን አለችው። ከቤተሰብ በድንገት የሞተ አለ ወይ ብላም ጠየቀችው። የወንድሙን፣ የአባትህን ነገር ነገራት፤ ምሳ በልቶ እንደተነሳ ሆዱንና ወገቡን ይዞ መጮሁን፣ ላብ እንዳጠመቀው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ማረፉን። እሷም ይኼው እብጠት ፈንድቶ ሳይሆን አይቀርም፣ ወንዶች ልጆቹ ቢታዩ ሸጋ ነው አለች።

አያ አድማሴ ጋቢውን ተከናንቦ አለቀሰ። ቤት እንደገባን «ምሳ አለ ወይ?» አለኝ። ሽሮዬን ጠርጎ በላው።

በለቅሶው ላይ፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ፣ «አባቴን ምን አበላሽው?» ያልከኝን አሁን አላነሳውም። አንጀቴ ግን እስካሁን እርር እንዳለ ነው። የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። አንተ ቁርጥ አባትህን ነህ፤ ሲጋራ ከአፍህ አይወጣም፣ ሃምሳን አልፈህም ጆንያ ትሸከማለህ። ያ ነገር ካለብህ፣ በጊዜ ከታወቀ እየተለካ ይጠበቃል፤ ካልታወቀ ግን እንደ አባትህ ነው። እኔ ደግሞ ሁለተኛ እንደዚያ ያለ ለቅሶ መቀመጥ አልችልም።

ምነው ትዘገያለህ? ቶሎ ና፤ ሐኪሟ ዘንድ እኔው እወስድሃለሁ። አልጋው ንጹሕ ነው። ምግቤ ካስቸገረህ በሶህን ቋጥረህ ና፤ ቅር አይለኝም። ጠላ ግን ጠምቄያለሁ። እንደ ወጉ መጀመሪያ በመዳፌ ቀምሼ ነው የምቀዳልህ፤ ለአባትህም ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር የምቀዳለት።

አምላክ መንገድህን ያቅናልህ፤ ዕድሜህን ከአባትህ ዕድሜ ያስበልጠው።

የእንጀራ እናትህ