የአለምብርሃን ቡፌ

መስከረም 19 ቀን 1976 ዓ.ም.

ሙቀቱ ዛሬም አይጣል ነው። ከድሬ ከተማ ወጣ ብሎ ያለውን የሃዲድ ቡሎን ስናጠብቅ ዋልን። ብረቱ በጓንት እንኳ አይነካም። ቤት ገብቼ ገላዬን ታጠብኩና ሸሚዝ ሳልለብስ ዜና ለማየት ተቀመጥኩ።

ቴሌቪዥኑ አሁንም የቆርቆሮ ሣጥኑ ላይ ነው። የሚስቴ የአለምብርሃን ወንድም ከጅቡቲ ካመጣልን ቀን ጀምሮ እዚያው። የሃዎ ድመት ዘላ ወጣችበት፣ ሳይወድቅ ለጥቂት ተረፈ። ሃዎ ጎረቤታችን ናት። እሷም ድመቷም በራችንን አንኳኩተው አያውቁም።

"ቡፌ ማሠራት አለብን። ቴሌቪዥኑም፣ ቴፑም፣ ብርጭቆውም አንድ ላይ የሚቀመጥበት" አልኩ።

"ለምን እናሠራለን? እኔ እሠራዋለሁ" አለች ሚስቴ።

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

መስከረም 22

ለካ ቀልድ አይደለም። ከሥራ ስመለስ የአባቷን ዕቃ ሁሉ ከአልጋ ሥር አውጥታ ግቢው ውስጥ ዘርግታዋለች። መጋዝ፣ መሮ፣ መላጊያ... ጋሽ ወልደጻድቅ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የምድር ባቡር ፉርጎ ክፍል አናጢ ነበሩ። ከወንዶቹ ልጆቻቸው አንዱም መዶሻ አልነካም። እሷ ናት ከሥራቸው የማትጠፋው። ይሄንን ድሮም አውቃለሁ። ግን የልጅነት ጨዋታ ይመስለኝ ነበር።

ነገሩ ደግሞ ቡፌ ብቻ አይደለም። መጋላ ገበያ ሠፈር ያለው የእንጨት ሥራ ማኅበር አባል ሊጨምር ነው። ሄዳ ተመዝግባለች! ሳትነግረኝ። ሊቀመንበሩ አቶ ገብረ መድኅን "በእጅሽ የሠራሽውን አንድ ዕቃ አሳዪኝ፣ ከጥምቀት በኋላ ቤትሽ መጥቼ አያለሁ" ብለዋታል። ሥራው ደስ ካላቸው ለአባላቱ ስብሰባ ያቀርቧታል።

"ደስ ካላላቸውስ?"

"ካላላቸውማ ዕድሜ ልኬን ያንተን ቱታ ሳጥብ እኖራለሁ።"

አኮረፍኩ። ለምን? እኔም አላውቅም። ባቡር ጣቢያ ሲሰሙ ምን ይሉኛል... "የተሰማ ሚስት አናጢ ሆነች አሉ"። በቃ ይሄው ነው።

መስከረም 30

እንጨቱ መጣ። ዝግባ፣ ከጋራ ሙለታ በኩል። ባለጋሪው ግቢ ድረስ አገባው። አለምብርሃን አንድ በአንድ እያነሳች በጣቷ መገጣጠሚያ ታንኳኳለች፣ ታሸታለች፣ በአንድ ዓይኗ ጫፍ ለጫፍ ታያለች። አንዱን ለየችው።

አብሮ የመጣው የእንጨት ነጋዴ "ባልሽ ሲመጣ ከሱ ጋር እንነጋገራለን" አላት። እኔ እዚያው ቆሜያለሁ! እሷ ሳንቃውን ገልብጣ ስንጥቁን አሳየችው። ወዲያው ለወጠላት።

ደስ አለኝ። ግን አኩርፌያለሁና ደስታዬን አላሳየሁም።

ጥቅምት 8

ፀሐዩ ሳይበረታ ትጀምራለች። ግቢያችን ያለችው የኒም ዛፍ ሥር። እኔ መስኮቱ ጋ ጢሜን እየተላጨሁ አያለሁ። ዛሬ ተላጭቼ ጨርሼም አልሄድኩም።

መላጊያውን ስትገፋ ትንፋሿን ትይዛለች። ሳንቃው ጫፍ ስትደርስ ነው የምትለቀው። ፍቅፋቂው ሳይቆረጥ ተጠቅልሎ ይወጣል፣ ቀጭን፣ ብርሃን የሚያሳልፍ። ይህችን ሴት ስንት ዓመት አብሬያት ኖሬ እንዲህ አይቻት አላውቅም። ቆንጆ ናት። ላብ በላብ ሆናም ቆንጆ ናት።

ሃዎ ፍቅፋቂውን ለከሰል ማቀጣጠያ ልትወስድ መጣች። ስታየኝ ሳቀች።

"አቦ፣ ፊትህን ፍታው! ወላሂ የኔ ባል ምስማር እንኳ መትቶ አያውቅም። አንተ ይህችን አግኝተህ ታኮርፋለህ?"

አፍሬ ወደ ሥራ ሄድኩ።

ጥቅምት 21

ዛሬ አጠገቧ ቁጭ አልኩ። እረፍቴ ነበር። ሣጥኑ ቆሟል፣ መሳቢያዎቹ ገብተዋል። ከታች ለብርጭቆና ለቴፕ ክር የሚሆኑ ሁለት በሮች ቀርተዋል። ሳንቃው ላይ በእርሳስ አስምራ ልትቆርጥ ስትል አስቆምኳት።

"ክፍተት አልተውሽም።"

"ትንሽ ትቻለሁ።"

"አይበቃም። እኛ ሃዲድ ከሃዲድ ስናጋጥም ክፍተት እንተዋለን። ሙቀት ሲመጣ ይረዝማል። መላወሻ ካጣ ይጎብጥና ባቡር ይጥላል። በሩ ሙቀት ሲመጣ ተጣብቆ አልከፈት ቢልሽስ? ይኼ እኮ ድሬ ነው።"

"ይኼ እንጨት ነው፣ ተሰማ።"

"ይሁና። እኔ በዚህ ሙቀት ስንት ዓመት ሠራሁ?"

እርሳሷን ጆሮዋ ላይ ሰክታ አየችኝ። ከዚያ "እሺ፣ አንተ እንዳልክ" አለችና መስመሩን ወደ ውስጥ አስገብታ ቆረጠችው።

እኔም አንድ ነገር ጨመርኩበት ብዬ ደስ አለኝ። ሻይ አፈላሁላት።

ኅዳር 15

ቫርኒሽ ተቀባ። ቴሌቪዥኑ ወጣበት። ልክክ! ቴፑ ከጎኑ፣ መጽሐፎቼ ከላይ። የቀበሌ ሰዎች ለመዋጮ መጥተው የመጡበትን ረስተው ቡፌውን ሲያዩ ቆዩ። "የት ነው ያሠራችሁት?" አለኝ አንዱ። "እዚሁ" አልኩ። የማን ሥራ እንደሆነ ግን አልነገርኩትም... ለምን? አለምብርሃን ሰምታኛለች።

ጥር 3

ገናን አይሻ በረሃ፣ ሃዲድ ጥገና ላይ አሳልፌ ዛሬ ተመለስኩ። ቤት ስገባ ዓይኔ የሄደው ወደ ቡፌው ነው።

በሮቹ ጉድ ሠሩን። የበጋው ደረቅ ንፋስ የዝግባውን ውሃ ጨርሶ ጠጥቶታል። እንጨቱ እንደ ብረት አልረዘመም፣ ተኮማተረ። ቀድሞውንም እኔ አሳጥሬዋለሁ። በሁለቱ በሮች መሃል ትንሿ ጣቴ ገባች። ሌላኛዋን ሞከርኩ፣ እሷም ገባች። በሩ ተዘግቶ ብርጭቆዎቹ ይታያሉ።

ሊቀመንበሩ ደግሞ ከጥምቀት በኋላ ይመጣሉ። ቁጭ አልኩ።

"እንጨት እንደሚኮማተር ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር። ይህን ያህል ባይመስለኝም።"

"ታዲያ ለምን እሺ አልሽኝ?"

"ከመስከረም ጀምሮ አኩርፈህ ነበራ። ያን ቀን ነው መጀመሪያ አጠገቤ የተቀመጥከው። እንዳትነሳብኝ ብዬ ነው።"

ውሃ ልቅዳ ብዬ ወጣሁ። ውሃ አልቀዳሁም። ቦንባው ጋ ቆሜ አለቀስኩ። አዎ፣ አለቀስኩ።

ጥር 5

እሷ አታለቅስም። በሮቹን ነቅላ አውርዳ ዙሪያቸውን ልትቀጥልላቸው ነው። ዝግባ በዝግባ ቢቀጠል ጥገናው ያስታውቃል፣ ጠቆር ያለ ወይራ ከሆነ ግን ጌጥ ይመስላል አለች። ወይራ ከየት ይምጣ? ሃዎ ሰማች። ሄዳ የተሰነጠቀ ዘነዘና ይዛ መጣች።

"እናቴ ከገጠር፣ ከቢዮ አዋሌ ያመጣችው ነው። ከተሰነጠቀ ቆየ፣ መጣል አሳዝኖኝ ነው ያስቀመጥኩት። ቁረጪው።"

አለምብርሃን ዘነዘናውን በቁመቱ ሰነጠቀችው። ወይራ ድንጋይ ነው፣ መጋዙ ይጮሃል። እኔ ጫፉን ያዝኩላት። ያዝ ስትለኝ እይዛለሁ፣ ልቀቅ ስትለኝ እለቃለሁ። አስተያየት አልሰጠሁም።

ጥር 6

ዛሬ ከሰዓት ኮላ ቀብታ ቀጭን ቀጭኑን ወይራ በበሮቹ ዙሪያ ለጠፈች። ማጣበቂያ ብረት የለንም። በገመድ ጠፍራ፣ በገመዱ ሥር ሽብልቅ እየመታች አጠበቀችው። አልጋው ላይ አስተኛናቸው። ገና እጇን ሳትታጠብ በር ተንኳኳ።

አቶ ገብረ መድኅን! ጥምቀት እንኳ ገና ነው። እዚሁ እኛ ሠፈር ሳቢያን ሰው ሊጠይቁ መጥተው "በዚያው ልይሽ ብዬ ነው" አሉ።

በር የሌለው ቡፌ ፊት ቆሙ። መሳቢያውን ሳቡ፣ በአንድ ጣት ገፉት፣ ገባ። ከሥሩ መዳፋቸውን አሳለፉ።

"በሩስ?"

"አጥሮብኝ ነው አባባ፣ እየቀጠልኩለት ነው።"

"ማን ለካው?"

"እኔ።"

እዚያ ላይ አላስቻለኝም። "ውሸቷን ነው፣ እኔ ነኝ ያሳጠርኩት" አልኩ። የሃዲዱንም፣ የሙቀቱንም ነገር ተናገርኩ። ሽማግሌው መጀመሪያ አላመኑኝም። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸው እስኪያነባ ሳቁ። እኔም አብሬ ልስቅ ስል አቆሙ።

"በይ ገመዱን ፍቺልኝና መጋጠሚያውን ልየው።"

"አልፈታም" አለች።

"ምነው?"

"ኮላው ሌሊቱን ማደር አለበት። አሁን ከተፈታ ይላቀቃል።"

"ልጄ፣ እኔ ሌላ ቀን አልመለስም። የማየው ዛሬ ነው።"

"እንግዲያው ሳያዩት ይሂዱ።"

ሃዎ ከበሩ ላይ "አቦ ፍቺለትና ይይ! አንተም ደግሞ ነገ ተመለስ፣ ሩቅ ነው እንዴ?" አለች። ሃዎ ለትልቅም ለትንሽም "አንተ" ናት። አለምብርሃን እጇን አጣምራ አልጋው ፊት ቆመች። ኮላው እጇ ላይ ደርቋል።

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አደረጉ። "ደህና ዋሉ" ብለው ሄዱ። ሻይም አልጠጡም።

አልተቆጣኋትም። እንዴት ልቆጣ? ትክክል ናት። ግን አለቀ። ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ እሷን ላጽናና ተቀመጥኩ። "ቱታህን አምጣ፣ ልጠበው" አለችኝ። ራሴ አጠብኩት።

ጥር 8

በሮቹ ተገጠሙ። ጠቆር ያለው ወይራ በቢጫማው ዝግባ ዙሪያ... ምን ልበል። ከፊተኛው ይበልጣል። ምላጭ አይገባበትም። ሃዎ "ይሄ የኔ ዘነዘና ነው?" ብላ ደጋግማ ዳሰሰችው። ማን ያያዋል እንግዲህ?

ጥር 17

ሊቀመንበሩ ትናንት ማታ ልከውባት ዛሬ ስብሰባ ጠሯት። እኔ አባል አይደለሁምና ውጭ ቆየሁ። ስትወጣ ፊቷ ቀልቷል። ቁጭ በይ፣ ከመጀመሪያው ንገሪኝ አልኳት።

አንዱ ተነስቶ "ከባድ ግንድ ማን ሊሸከምላት ነው?" አለ። እሷ "እናንተስ ብቻችሁን ነው እንዴ የምትሸከሙት?" አለች። ሳቁ። ሌላው "ሥራዋን አይተዋል?" ብሎ ሊቀመንበሩን ጠየቀ።

አቶ ገብረ መድኅን ምን ቢሉ ጥሩ ነው? "ሣጥኑን አይቻለሁ። በሩን አላየሁትም። ገመዱን ፍቺ ብላት ኮላው አልደረቀም ብላ እምቢ አለችኝ። ለበዓል ይድረስ እየተባለ ስንቱን ጠረጴዛ ኮላው ሳይደርቅ ፈትተን አስረክበናል? ስንቱስ ተመልሶ መጣ? እኔ እንዲህ ያለ ሰው እፈልጋለሁ።"

እጅ ወጣ። ሦስት ወር ሙከራ፣ ከዚያ ሙሉ አባል። ሁለት ሰው ብቻ ተቃወመ።

ከመጋላ ሳቢያን በእግራችን መጣን። የደረቀውን የደቻቱን ወንዝ ስንሻገር አሸዋው ጫማዋ ውስጥ ገባ፣ ትከሻዬን ይዛ አራገፈችው። መንገድ ላይ ላገኘሁት ሁሉ ነገርኩ። የማላውቀውም ሰው ነበረበት።

የካቲት 6

እረፍቴ ነው። እሷ በጠዋት ወጥታለች። ብቻዬን ምን ልሥራ? ምስር ሠራሁ፣ ምሳ ዕቃ ውስጥ አድርጌ ይዤላት ሄድኩ።

የማኅበሩ ዘበኛ "ለማን ነው?" አለኝ።

"ለባለቤቴ።"

"ማን ናት?"

"አለምብርሃን። አናጢዋ።"

አስገባኝ። ከውስጥ መጋዙ ይጮሃል። የትምህርት ቤት ዴስክ እየሠሩ ነው። አንድ ግዙፍ ሰውዬ ሳንቃ ይዞላት፣ እሷ ጎንበስ ብላ ታሰምራለች። አየችኝ። ቀና ሳትል በእጇ "ቆይ" አለችኝ። ሳንቃ ክምር ላይ ተቀመጥኩ። ቆይታ መጣች፣ እጇን በቱታዋ ጠርጋ ቀመሰችው።

"ጨው አንሶታል" አለች። ግን ሙልጭ አድርጋ በላችው። "ነገም አምጣ።"

ነገ ተረኛ ነኝ ልላት ነበር። አላልኳትም። ስመለስ ጣቢያ ጎራ ብዬ ከሥራ ባልደረባዬ ከሊበን ጋር ተረኝነት ተቀያየርኩ።