ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የሄደው ኮምፒውተር

ውድ ልጄ ሲድራ፣

የአላህ ሰላም ባለሽበት ይድረስሽ። ኮምቦልቻ አክስትሽ ዐሊማ ዘንድ ከገባሽ ወዲህ በስልክ የምንባባለው "በላሽ? በሉ?" ብቻ ሆነ። ስልክ ስይዝ አፌ ይታሰራልና ዛሬ የስፌት መኪናዬን አቁሜ እጽፍልሻለሁ። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ ፊደሉ ቢዛባ ይቅር በይኝ።

ያን ቀን በሂሻም እንጨት ሥራ ቤት የሆነውን ታውቂዋለሽ። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ያየሁትን ግን አታውቂውም።

ከተመረቅሽ ወዲህ የመጀመሪያ ሥራሽ ነበር። ኮምፒውተሩን እቤት አሰናድተሽ ከደሴ ይዘነው ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። የቀረው ያ ሪል ታይም የምትዪው ፕሮግራም ነው፤ ትእዛዙን ለአፍታ ሳያዘገይ ለመቁረጫው ማሽን የሚያደርሰው። ከዘገየ ስለቱ መዞር ካለበት ቦታ ያልፍና እንጨቱን ያበላሻል ብለሽኛል። ሂሻምም "እስከ ከሰዓቱ የዐስር ሶላት ካልሠራ የአዲስ አበባዎቹን ባለሙያዎች እጠራለሁ" ብሎ ቁርጡን ነግሮሻል።

መጫን ጀመረ፤ ቆመ። ቀይ ጽሑፍ አወጣ። ኢንተርኔቱ ነው ብለሽ ስልክ ቀየርሽ፤ ያው ነው። አጥፍተሽ አስነሣሽው፤ ያው ነው። አናጢው ሙንዚር መጋዙን ይዞ መጣ።

"ኢንጂነሯ፣ የኔዋ መጋዝ ኢንተርኔት አትጠይቅም እኮ!"

ሰዎቹ ሳቁ። እኔ በልቤ "ያ ረብ፣ አታሳፍራት" አልኩ።

አንቺ ግን አልተበሳጨሽም። እጅሽን ከኪቦርዱ አንሥተሽ፣ ጽሑፉን በጣትሽ እየተከተልሽ ከላይ ጀምሮ አነበብሽው። ከዚያ የስክሪኑን ጥግ አየሽ። ከዚያ እኔን።

ያኔ ገባኝ። በዋዜማው ቁርአን ላዳምጥ ብዬ ኮምፒውተሩን ስከፍት ዓመተ ምሕረቱ 2026 ይላል። ዘመኑ 2018 አይደለም እንዴ? ተሳስቷል ብዬ አስተካከልኩት። እየተመለሰ ሲያስቸግረኝም በራሱ የሚታረምበትን አጠፋሁት። ደግ የሠራሁ መስሎኝ!

"ቀኑ ተዛብቶ ነው" አልሽ።

"ማን አዛባው?" አለ ሂሻም።

"ኮምፒውተሩ እኔ እጅ ነው የነበረው። ሳላየው መምጣቴ የኔ ጥፋት ነው።"

ዐይንሽን እንኳ ወደ እኔ አልመለስሽም። አላስቻለኝም፤ ተነሣሁ። "እኔ ነኝ የነካሁት" አልኩ።

ሙንዚር በሳቅ ሞተ። "አባባ፣ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ወሰዱታ! እኔንም እንዲሁ ያድርጉኝ፣ ሳላገባ ልመለስ!"

አንቺም ሳቅሽ። "አባማ ልክ ናቸው፤ በኛ አቆጣጠር 2018 ነው። ፕሮግራሙ የተፈረመበት ቀን ግን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ኮምፒውተሩ ገና ያልተወለደ አልጭንም አለ።"

ቀኑን መለስሽው፤ ተጫነ። ሂሻም "በይ አስነሺው፣ ሰዓቱ ሄደ" ቢልሽ፣ "መዘግየቱን ሳልለካ እንጨት አላስነካም" ብለሽ እምቢ አልሽ። ሥራው ከእጅሽ ሊወጣ ጥቂት ቀርቶት እንኳ አልተጣደፍሽም። ለክተሽ ስታበቂ ማሽኑ በአንድ አልጋ ራስጌ ላይ ሐረግ ቀረጸ። ሙንዚር በአውራ ጣቱ ዳበሰውና "ማሻአላህ" አለ። የዐስር አዛን ሲሰማ ሂሻም የአዲስ አበባዎቹን ስም አላነሣም፤ "ከሰኞ ጀምሮ እዚሁ ትሠሪያለሽ" አለሽ።

ወደ ደሴ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ "አባ፣ ምነው ዝም አሉ? ሰው ፊት አሳፈርኩዎት?" ብለሽ ጠየቅሽኝ። "ደክሞኝ ነው" አልኩሽ።

ደክሞኝ አልነበረም፣ ልጄ። በቤታችን የምስጋና ቃል የሚወጣው ከእናትሽ ከከሪማ አፍ ነበር፤ እኔ ከኋላ ሆኜ ራሴን እነቀንቅ ነበር። አላህ ወደ ራሱ ከወሰዳት ወዲህ ቃሉም አብሯት የሄደ መስሎኝ ኖርኩ። ለካ ተራው የኔ ሆኖ ነው።

እንግዲህ ስሚኝ፤ ኮርቼብሻለሁ። ማሽኑን በማስነሣትሽ ኮርቻለሁ። የአባትሽን ስሕተት ራስሽ ላይ ስትደርቢው ደግሞ፣ ይህችን ልጅ ያሳደግናት እኛ ነን ወይ ብዬ ተገርሜያለሁ። ዱዓ ስይዝ ለራሴ የምለምነውን እረሳለሁ፤ አልሐምዱሊላህ ስል ብቻ ይመሻል።

ጁምዓ ከሶላት በኋላ ወደ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። ይህንኑ ሂሻም ባለበት፣ ሙንዚርም እየሰማ፣ ዐይንሽን እያየሁ እነግርሻለሁ። ቃሉ ቢዛባብኝ አትሳቂብኝ።

አባትሽ ሸረፈዲን
ከደሴ