ባለጃንጥላው አቻያን፦ የመምህር ኩሩቪላ ኢታችን የሕይወት ታሪክ

መምህር ኩሩቪላ ኢታችን ከአባታቸው ከሩዝ ገበሬው ከአቶ ኢታችን ቫርኪ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሶሳማ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1941 ዓ.ም.፣ እዚሁ ህንድ፣ ኬረላ ውስጥ፣ ውሃ በከበባት በመንደራችን በቫላቱሩት ተወለዱ። አገሩ ሁሉ «መምህር» ይላቸው ነበር፤ ለእኔ ለታናሽ እህታቸው ግን ታላቅ ወንድሜ፣ አቻያኔ ናቸው።

ትምህርታቸውን ወንዙን በታንኳ እየተሻገሩ ተከታተሉ። በ1958 ክረምት አባታችን ሲያርፉ ወንዙ ሞልቶ ቄሱ መሻገር አቃታቸው። የአባታችን አስከሬን ቤት ውስጥ ሁለት ቀን ቄስ ሲጠብቅ ቆየ። ያን ጊዜ አቻያን እንባቸውን ጠርገው፣ «በዚህ ወንዝ ላይ ድልድይ ሳላሠራ አልሞትም!» አሉ። እናታችን ለቅሶ ላይም ቢሆን ጨዋታ አያጡምና፣ «መጀመሪያ የሒሳብ ፈተናህን እለፍ» አሏቸው።

ፈተናውንም አለፉ። ኮታያም ከተማ ሄደው በዲግሪ ተመረቁ፤ ተመልሰውም ከወንዙ ማዶ ባለው ትምህርት ቤት የታሪክ መምህር ሆኑ። በ1967 ከወይዘሮ አለያማ ጋር በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ተጋብተው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል። ሴቷ፣ ሊዛማ፣ የተወለደችው ሆስፒታል ሳይደረስ፣ ጀልባ ላይ ነው። አምላክ ይመስገን፣ እናትም ልጅም ተረፉ። አቻያን ግን ከዚያ ወዲያ አርፈው መቀመጥ አልቻሉም።

በ1977 ለክልሉ ምክር ቤት በግል ተወዳደሩ። በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ ለየተወዳዳሪው የሥዕል ምልክት ይሰጣልና ለእሳቸው ጃንጥላ፣ ለተቀናቃኛቸው ለአቶ ሱኩማራን ፓኒከር ደግሞ ወንበር ደረሳቸው። በምርጫው ዕለት ሰማዩ ተቀደደ! ሕዝቡ ጃንጥላውን ዘርግቶ ቢሰለፍ፣ የጣቢያው ኃላፊ ጠረጴዛቸው ጋ እንደተቀመጡ፣ «እዚህ የተወዳዳሪ ምልክት ማሳየት በሕግ ክልክል ነው! ጃንጥላ እጠፉ!» ብለው ጮኹ። ሰዉ አጠፈ፤ በሰበሰ፤ ከሰልፉ ግን ንቅንቅ ያለ የለም። ጎረቤታችን አሮጊቷ ማሪያማ ብቻ፣ «እሺ ልጄ፣ እኛ አጥፈናል። የፓኒከር ምልክት ወንበር አይደል? በል እስቲ አንተም ከተቀመጥክበት ተነሣ!» አሏቸው። ኃላፊው እስኪመሽ ቆመው ዋሉ። አቻያንም አሸነፉ።

እንደገቡም ድልድዩን አስጀመሩ። ዳሩ ግን በእኛ አገር መንግሥት በየምርጫው ይቀያየራል፤ አንዱ የጀመረውን ሌላው መጨረስ ሞቱ ነው። አቻያን ሲወድቁ፣ ሲነሡ፣ ዓመታት አለፉ፤ ወንዙ መሀል ምሰሶዎቹ ብቻ ቀሩ። የሰፈሩ ጎረምሶች ምሰሶዎቹን «የመምህር ጥርስ» እያሉ ይጠሯቸው ነበር። አቻያን አብረው ይሥቁ ነበር፤ ውስጣቸው ግን ያርር ነበር።

በ1996 አቶ ፓኒከር የመንገድ ሥራ ሚኒስትር ሲሆኑ፣ አቻያን በኋላ የገቡበትን ፓርቲ ሳያማክሩ ቤታቸው ድረስ ሄዱ። «ድልድዩን ይጨርሱት፤ ስሙም ምስጋናውም የእርስዎ ይሁን» አሏቸው። አቶ ፓኒከር ሻይ እየቀዱላቸው፣ «ምን ተንኮል አለበት፣ መምህር?» ቢሉ፣ «ሴቶቻችን ጀልባ ላይ መውለድ ያቆማሉ። ተንኮሉ ይኸው ነው» ብለው መለሱ።

ድልድዩ በ2000 ተመረቀ። እብነ በረዱ ላይ የተጻፈው የአቶ ፓኒከር ስም ነው። ወይዘሮ አለያማ አንጀታቸው አርሮ፣ «አንዲት ፊደል እንኳ ይንፈጉዎት?» ቢሉ፣ «አንቺ ደግሞ! ሰው የሚሄደው በስም ላይ ነው እንዴ?» አሉና እጃቸውን ይዘው አሻገሯቸው። ፓርቲያቸው ግን «ድላችንን ለባላንጣ አስረከበ» ብሎ በቀጣዩ ምርጫ ከእጩነት ሰረዛቸው፤ ወደ ምክር ቤቱም አልተመለሱም። እኔ ስናደድ፣ እሳቸው «ጉዳዬን እኮ ጨርሻለሁ» ይሉኝ ነበር።

የቀረውን ዕድሜያቸውን የመንደሩን ልጆች ያለ ክፍያ ሲያስጠኑ ኖሩ። ካሳቫና ቀይ የዓሣ ወጥ ፊታቸው ከቀረበ የሐኪም ምክር የሚባል ነገር አይታወሳቸውም ነበር። የሊዛማ ልጅ፣ የልጅ ልጃቸው አኑ፣ ሆስፒታል አልጋ ላይ በወግ በማዕረግ ስትወለድ የታየባቸው ደስታ፣ ምርጫ ባሸነፉበት ቀንም አልታየባቸውም።

ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ጁን 9 ቀን 2023 በተወለዱ በ82 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። ወይዘሮ አለያማን፣ ልጆቻቸውን ቫርኪንና ሊዛማን፣ የልጅ ልጃቸውን አኑን፣ እኔንም እህታቸውን ቲታማን ትተው ሄደዋል።

አባታችን ቄስ ሲጠብቁ ሁለት ቀን ቆይተው ነበር። ዛሬ ቄሳችን ከሁላችን ቀድመው ደርሰዋል፤ አቶ ፓኒከርም በዚያ እርጅናቸው ምርኩዛቸውን ይዘው ተሻግረው መጥተዋል። እናንተም ሁላችሁ በአቻያን ድልድይ ነው የመጣችሁት። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጎን ያኑርልን፤ እኛንም ያበርታን።

ወደ መቃብሩ ስንወጣ ዝናብ አይቀርም። ጃንጥላችሁን ዘርጉ፤ ዛሬ እጠፉ የሚል የለም።