የኢንጂነሩ አፍንጫና የኔ ውስኪ

ዓርብ፣ ጥር 8። ጠዋት 2 ሰዓት

በሩን ከፈትኩ። ወለሉን አጠብኩ። መለኪያዎቹን እያጋጨሁ ደረደርኩ። ከንዴት ነው።

ስሚኝ ደብተሬ። ለሌላ ለማን እነግራለሁ?

ትናንት የውስኪ ማኅበራችን ቀን ነበር። ማኅበር የምንለው ለቀልድ ነው፤ ከአባላቱ አንዱ ጋሽ ሙሉጌታ፣ ጻድቅ ያልተሰየመበት ነገር ማኅበር አይባልም ብለው ይቆጣሉ። በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ አምስት ሆነን እዚህ ግሮሰሪዬ እንሰበሰባለን። ባለተራው የአየርላንድ ውስኪ ያቀርባል። የቀረነው ጠርሙሱን ሳናይ እየቀመስን እንገምታለን። ምን ዓይነት ነው፣ በምን በርሜል ከረመ፣ ማሳረጊያው በርሜል ቀድሞ ምን ነበረበት። ባለተራው ግምት እስኪያልቅ አይቀምስም። ደንባችን ነው።

የኔ ተራ ነበር። ጠርሙሱን እንዳያዩ በሸክላ ጆግ ቀዳሁላቸው። ከገዛኋቸው ጆጎች አንዱ ያንጠባጥብ ነበርና አክስቴ ብርቄ የራሷን ከጓዳ አምጥታ ሰጠችኝ። የመጀመሪያው ድብልቅ ነው፣ ቀላል፣ ሁሉም አወቀው። ሁለተኛው ከብቅል ብቻ የተሠራ፣ ማር ማር የሚል፣ ጋሽ ሙሉጌታ አገኙት። እንደ ወትሮው የኛ አረቄ ሁለቴ ተነጥሮ ዳግም ላይ ይቆማል፣ አየርላንዶች ግን ሦስተኛ ይደግሙታል ብለው አደነቁ።

ሦስተኛው፣ በአክስቴ ጆግ የቀዳሁት፣ ኩራቴ ነበር። የበቀለና ያልበቀለ ገብስ አንድ ላይ የሚነጠርበት፣ ፖት ስቲል የሚሉት፤ መጨረሻ ላይ ፖርት የሚባል ጣፋጭ ወይን በነበረበት በርሜል ያረፈ። የብርቄ ልጅ ሰናይት ሆስተስ ናት፣ ሁለት ጠርሙስ ይዛልኝ መጣች። አንዱን ለነሱ ብዬ ከፈትኩት። ለነሱ!

ሌላው ማኅበርተኛ ኢ/ር ዳዊት ፉት አለ። አሸተተ። ደግሞ አሸተተ። ጭስ አለው አለ። አየርላንዶች ብቅላቸውን በጭስ አያደርቁም፣ ይሄ የነሱ አይደለም አለ። ከዚያ ፈገግ ብሎ፣ ቆራሌ ከሰበሰበው ባዶ ጠርሙስ ውስጥ የተሞላ ነው አለ። በሰው ፊት። በቤቴ። ጠርሙሱን አምጥቼ አሳየሁት፤ ጠርሙስማ ማንም ይሞላል አለ። በእልህ ጆጉን አንስቼ ማጠቢያው ላይ ደፋሁት። አሁን ሳስበው መድፋቴ ነው የበላኝ። ማስረጃ ያጠፋሁ መሰለ። አራተኛውን ማንም አልነካውም። ጋሽ ሙሉጌታ ብቻ የሦስተኛውን መለኪያቸውን ጨርሰው ሄዱ፣ ግን እሳቸውም ቃል አልተነፈሱልኝም።

ዳዊትን እስከ ትናንት «እሳቸው» ነበር የምለው። ከዛሬ ጀምሮ «እሱ» ነው።

ሰኞ፣ ጥር 11፣ ጥምቀት። ከሰዓት 10 ሰዓት

ታቦት ሸኝቶ የሚመለስ ሰው መንገዱን ሞልቶታል። አምና ይሄኔ ወንበር አልቆ ሳጥን ገልብጠው ነበር የሚቀመጡት። ዛሬ ሦስት የከባድ መኪና ሾፌሮች። ቢራ ነው ያዘዙት፣ እሱንም ቆርኪውን ከፊታችን ክፈቺ አሉኝ። ከፊታቸው ከፈትኩ። ፈገግ ብዬ። ጓዳ ገብቼ ግድግዳውን በጡጫ መታሁት።

ሰው ለምን እንደራቀኝ የነገረኝ ሰሚር ነው። ጎረቤቴ፣ ስኳርና ሳሙና የሚሸጠው ስልጤ። በዕድሜው አንዲት ጠብታ ቀምሶ አያውቅም፣ ስለ መጠጥ ግን ከኔ ቀድሞ ይሰማል። ዳዊት፣ ቱሉ ዲምቱ ባለው ኮንዶሚኒየማቸው ስብሰባ ላይ፣ ቀጥሎም ጸጉር ቤት ተቀምጦ፣ እዚያ ቤት የጠጣ ዓይኑ ይጠፋል ብሏል። ዓይኑ ይጠፋል! ሰሚር ሲነግረኝ መሬት መሬት ያያል። ሽማግሌ ልላክበት ወይ አለኝ። ተው አልኩት።

ደብተሬ፣ ይሄን ቤት ማን አቆመው? በሰው ግሮሰሪ መለኪያ እያጠብኩ፣ የሰካራም ስድብ እየዋጥኩ እኔ ነኝ። ያለኝ ስሜ ነው። የወይንሸት ቤት መጠጥ ንጹህ ነው ይባላል፣ በቃ። ይሄ ከጠፋ በሩን ዘግቼ ቁልፉን ለአከራይ መስጠት ነው የሚቀረኝ። የባለ ሥልጣን ፍተሻ እንኳ እንዲህ አያደርግም፣ ቢያንስ መርምሮ ይሄዳል። ወሬ አይመረመርም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። አልረሳም።

ማክሰኞ፣ ጥር 12። ጠዋት 4 ሰዓት

ሌሊቱን አስቤ አስቤ ጠዋት አገኘሁት። ደስ ብሎኝ ተነሳሁ። አክስቴ ምን አገኘሽ አለችኝ፣ እንቅልፍ አልኳት።

በአፍንጫው ነው የሰደበኝ፣ በአፍንጫው ነው የምቀጣው። ዳግም አረቄ እገዛለሁ፣ ጥሩውን። ዘቢብ እዘፈዝፍበታለሁ። ሼሪ ወይን የነበረበት በርሜል የሚሰጠው ጣዕም እኮ ዘቢብ ዘቢብ ነው የሚለው። ከአናጢው የዋንዛ ፍልጥ ለምኜ በእሳት ለብልቤ እከትበታለሁ። ቀለሙን ስኳር አሳርሬ። ከዚያ ይቅመስ። የሼሪ በርሜል ነው ብሎ ሲምል፣ አረቄ ነው ይባላል። በሰው ፊት። ጸጉር ቤቱም ይስማ።

ሰሚር ዘቢቡን ሲመዝንልኝ ለምንድነው አለ። ለኬክ አልኩት። እኔና ኬክ!

ዓርብ፣ ጥር 15። ቀትር

ጋሽ ሙሉጌታን አባብዬ አስጨነቅኳቸው። የሚቀጥለው ተራ የሳቸው ነው፤ አረቄዬን እንደ ራሳቸው ውስኪ እንዲያቀርቡልኝ ለመንኳቸው። ከክር ፋብሪካ ጡረታ ከወጡ ጀምሮ ሰው የሚያስታርቁ እሳቸው ናቸው፣ እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ ገብተው አያውቁም። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት፣ ተይው ልጄ አሉ። እኔ ጸሎት አልጀመርኩም ጋሼ፣ በቀል ነው የያዝኩት አልኳቸው። ሳቁ። ቀጥሎ ግን ያን ቀን ዝም ማለታቸውን አስታወስኳቸው። አንገታቸውን ደፉ። አቀርብለታለሁ፣ ከቀመሰ በኋላ እውነቱን እናገራለሁ አሉ።

ፈሳሹን ቀመስኩት። ጓዳ ውስጥ ብቻዬን ሳቅኩ። እኔ ራሴ ባላውቅ ኖሮ እታለል ነበር።

ሐሙስ፣ ጥር 21። ከሰዓት 11 ሰዓት

ዛሬ ነው። ማኅበሩ ወደ ዳዊት ቤት ዞሯል፣ እኔ አልተጠራሁም። ጋሽ ሙሉጌታ ጠርሙሱን በጋዜጣ ጠቅልለው ሚኒባስ ተሳፈሩ። እኔ ባዶ ቤት ቁጭ ብዬ የደረቀ ጠረጴዛ እወለውላለሁ። ምነው ዝንብ ሆኜ ግድግዳው ላይ ባረፍኩ።

ዓርብ፣ ጥር 22። ጠዋት 3 ሰዓት

ጋሽ ሙሉጌታ መጡ። ነገሩኝ። በመጀመሪያ ደስታዬን ልጻፍ።

ዳዊት ፉት ብሎ ዓይኑን ጨፈነ አሉ። ሼሪ አለ። ዘቢብ፣ ተምር፣ ትንሽ ቅመም። ፖት ስቲል ነው፣ ቢያንስ አሥራ አምስት ዓመት የከረመ ነው አለ። ውስኪ ማለት ይሄ ነው፣ ወይንሸት ትምጣና ትማር አለ! ዕድሜው እኮ አሥር ቀን አይሞላም። እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ።

እሺ፣ ሲነግሩትስ ምን ሆነ አልኳቸው። አልነገሩትም።

ጮህኩባቸው። በአባት ዕድሜ ያለ ሰው ላይ ጮህኩ። ጠበቁኝ። ሲበርድልኝ ቀስ ብለው አስረዱኝ። ሊናገሩ አፋቸውን ከፍተው ነበር። ግን ምን ሊሉ ነው? ወይንሸት እናንተን የሚያታልል ውስኪ ጓዳዋ ውስጥ መሥራት ትችላለች ልበል? ዳዊት ያለው እሱን አይደል? በገዛ አፌ ልመስክርብሽ ወይ አሉኝ።

ተቀመጥኩ። ለሱ የቆፈርኩት ጉድጓድ ውስጥ የቆምኩት እኔ ነኝ። እንዴት ሳይታየኝ ቀረ?

ጉዱ አላለቀም። ዳዊት የተረፈውን ለምኖ ወስዶታል። ከቡፌው የክሪስታል ማንቆርቆሪያ አውጥቶ ገልብጦበታል። እሑድ ጠዋት ለልጁ ሽማግሌ ይልካል፣ ውስኪውን ለልጅቷ አባት ሊያበረክት ነው። ሰውዬው ዕድሜ ልካቸውን ሆቴል ቤት የሠሩ፣ መጠጥ የሚለዩ ናቸው ተብሏል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ደግሞ ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? ጋሽ ሙሉጌታ።

በዚህ ሽበት ውሸት ተሸክሜ የሰው ቤት ልግባ ወይ አሉኝ። እውነቱን ልንገርሽ ደብተሬ? ሆዴ ደስ አለው። ይውሰድ። የልጅቷ አባት ፉት ብለው ፊታቸውን ያጨማድዱ። በአማቶቹ ፊት ይዋረድ። እኔ በደንበኞቼ ፊት አልተዋረድኩም?

ልጁ ግን ምን አጠፋ። እሱን ሳስብ ቅር ይለኛል። እተወዋለሁ፣ አላስበውም።

ቅዳሜ፣ ጥር 23። ከሰዓት 8 ሰዓት

አክስቴ ውሃ ቀዳችልኝ። በጆጓ። ያን ቀን ባዋሰችኝ ጆግ። አፌ ላይ ሳደርሰው እጄ ቆመ።

ወይራ።

በየሳምንቱ ታጥነዋለች። ከልጅነቴ ጀምሮ እዚህ ቤት ውሃ በወይራ በታጠነ ሸክላ ነው የሚጠጣው። ለኔ ይሄ የጭስ ሽታ አይደለም፣ የውሃ ሽታ ነው። ያን ዕለት አጥነሽው ነበር ወይ አልኳት። ተገረመችብኝ። እንግዳ እየመጣ ታዲያ ያልታጠነ ዕቃ ልስጥሽ ኖሯል አለች። ይባስ ብላ ሁለት ጊዜ አጥናዋለች። ለክብራቸው።

ቀሪዋን ጠርሙስ፣ ያልተከፈተችውን፣ ከመደርደሪያ አውርጄ አየኋት። ጥፋቱ የሷ አይደለም። ግን ጭስ ነበር። ዳዊት ጭስ አለው ሲል ጭስ ነበር። ይሄን ስጽፍ ብዕሬ እምቢ ይለኛል። ትክክል ነበር ማለት እንዴት ያቃጥላል።

አክስቴን አልነገርኳትም። በሷ ደግነት ቤቴ ሊዘጋ እንደሆነ ብትሰማ ትሞትብኛለች።

ያው ቀን፣ 11 ሰዓት

ወጥቼ ዞሬ መጣሁ። እስከ ባቡሩ ፌርማታ ሄጄ ተመለስኩ። ሳስበው እንዲህ ነው። አፍንጫው አልዋሸም። የዋሸው ምላሱ ነው። ጭስ አለው ማለት አንድ ነገር፤ ቆራሌ፣ ተሞልቶ የተሸጠ፣ ዓይን ያጠፋል ማለት ሌላ። ጭሱ ይቅር ይባላል። ሌላውን ግን አልለቀውም። ይቅር የምል መስሎሽ ከሆነ ደብተሬ ተሳስተሻል።

ጋሽ ሙሉጌታ ጋ ደወልኩ። የጆጉን ነገር ነገርኳቸው። እኔ ለብቻው አናግሬ ላስታርቃችሁ፣ በጓዳ ይለቅ አሉ። በአደባባይ ተሰድቤ በጓዳ አልታረቅም አልኳቸው። ስልኩን ከመዝጋቴ በፊት ግን ነገ ያንን ማንቆርቆሪያ በእጅዎ አይንኩ አልኳቸው። እግዜር ይስጥሽ አሉ።

እሑድ፣ ጥር 24። ንጋት 12 ሰዓት

ለብሻለሁ። ነጭ ነጠላ፣ እንደ ባለጉዳይ። ሽማግሌዎቹ ሦስት ሰዓት ላይ ከሱ ቤት ይነሳሉ። ቱሉ ዲምቱ ሁለት ሰዓት ላይ እደርሳለሁ።

ያልተከፈተችው ጠርሙስ በፌስታል አለች። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ደርበው ቆመው ሳሉ እገባለሁ። ማንቆርቆሪያው ውስጥ ያለው አረቄ ነው፣ የሠራሁት እኔ ነኝ እላለሁ። አዎ፣ ለአንተ ብዬ ሠራሁ፣ ለሰው ግን ሸጬ አላውቅም። አያምኑኝ ይሆናል። ይሁን፣ ከኔ አፍ ይስሙት። ቀጥሎ የጆጉን ጭስ እነግራቸዋለሁ፣ አልደብቅም። ከዚያ ጠርሙሷን ለዳዊት እሰጠዋለሁ። እሽጉን በእጁ ይፍታ። በንጹህ ብርጭቆ ይቅዳ። ይቅመስ።

ሌላ መጠጥ ፍለጋ የሚሮጥበት ጊዜ የለውም፣ እሑድ በማለዳ መጠጥ መሸጫው ሁሉ ዝግ ነው። ለዚህ ነው ትናንት ያልሄድኩት። አስቤበታለሁ።

የምፈልገው ገንዘብ አይደለም፣ ይቅርታም አይደለም። ሽማግሌዎቹ እየሰሙ፣ ሚስቱና ልጁ እየሰሙ፣ ይሄ ከወይንሸት ቤት የመጣ እውነተኛ ውስኪ ነው፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ ይበል። በአፉ። ከዚያ ጠርሙሷን ይዞ በክብር ይሂድ፣ ልጁም ይዳር፣ እኔም እልል እላለሁ።

አክስቴ ነቅታ በዚህ ሌሊት ወዴት ነው ትላለች። ቤተ ክርስቲያን አልኳት።

እምቢ ካለ ጠርሙሴን ይዤ እመለሳለሁ። እሱም አረቄዬን ይዞ ሄዶ የሰው ልጅ ይለምን።